«ኮንደንሰር»፦ አንድ ቃል፥ ሁለት ዕቃ

የሙያ ቃላትን ስንመረምር «ኮንደንሰር» የተባለውን ቃል ተርጓሚን የሚያሳስት ሆኖ አግኝተነዋል። አሮጌ ሞተር ብስክሌት ታድሶ ካንዴላው እሳት አልሰጥ ቢል፥ ከሚመረመሩት ዕቃዎች አንዱ ይህ ነው። የኮረንቲ ማቋረጫ ነጥቦቹ ሲላቀቁ የኤሌክትሪክ ሙል ተቀብሎ ያቁራል፤ በነጥቦቹ መካከል የሚነሣውን ብልጭታ ገትቶ ኮረንቲው ፈጥኖ እንዲቋረጥ፥ በጥቅልል ሽቦውም ለካንዴላው የሚበቃ ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲፈጠር ያደርጋል። የውስጥ ግንኙነቱ ቢበጠስ ነጥቦቹ ይቃጠላሉ፤ ውስጥ ለውስጥ ከሞተሩ አካል ጋር ቢነካካ ግን እሳቱ ጨርሶ ይጠፋል።

በማቀዝቀዣ ግን ኮንደንሰር ማለት ጋዝን ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ክፍል ነው። ተርጓሚው ይህን ፍች ይዞ ለሞተር ብስክሌቱ «እንፋሎት አቀዝቃዥ» ብሎ ቢጽፍ፥ መካኒኩ የሌለ ዕቃ ሲፈልግ ይውላል፤ የተበላሸውም ሳይለወጥ ይቀራል። ስለዚህ የሞተሩ ዕቃ በተግባሩ «ሙል አቋሪ» ቢባል፥ በጋራዥ የተለመደው «ኮንደንሰር»ም በቅንፍ ቢከተለው ይሻላል እንላለን።