ጳጉሜን 6ን የሚያስታውስ ባለሙያ፦ ከሶፍትዌር ፈታሾች ጋር ትውውቅ

አንድ ሕፃን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ተወለደ እንበል። ወላጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ይሄዳሉ። መዝጋቢዋ ቀኑን ስታስገባ ኮምፒውተሩ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልስባታል፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ብሎ ነበርና። ወረፋው ረዝሟል። «እንግዲህ 5 ብለን እንጻፈው» ይባልና ልጁ ያልተወለደበትን ቀን ተሸክሞ ያድጋል።

ይህ ጉድለት መገኘት የነበረበት ፕሮግራሙ ወደ መዝጋቢዋ ጠረጴዛ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን ፈልጎ ማግኘት ሥራው የሆነ ባለሙያ አለ፤ የሶፍትዌር ፈታሽ ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ቴስተር ወይም ኪውኤ እያሉ ነው የሚጠሩት። ፕሮግራመሩ የጻፈውን ተቀብሎ ይሞግተዋል። የት ይሳሳታል? ሰው ያልታሰበ ነገር ሲያስገባበት ምን ያደርጋል? ብሎ ይጠይቃል። ስህተቱን ሲያገኝ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳየ ለይቶ ይጽፋል። ፕሮግራመሩ ያንን አንብቦ ስህተቱን ራሱ ደግሞ ማየት ከቻለ ሪፖርቱ ጥሩ ነው፤ «አይሠራም» ብቻ የሚል ሪፖርት ግን ማንንም አይረዳም።

እስቲ ጎበዝ ፈታሽ በዚያ የልደት ቅጽ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ያስገባል፤ ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ቅጹ መቀበል አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ያስገባል፤ አሁን እምቢ ማለት አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2019ን ያስገባል፤ ቀኑ ትክክል ነው፣ ግን ገና ካልደረሰ ለልደት አይሆንም። ጳጉሜን 7ን፣ 14ኛ ወርን፣ ባዶ ሳጥንን ይሞክራል። ቀጥሎ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲለወጥ ምን እንደሚመጣ ያያል። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 6 የምታመጣው የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቆይታ ትጠፋለች። ስለዚህ የኅዳሩ ቀን ልክ መጣ ተብሎ የሚያዝያው ሳይታይ አይታለፍም። የበዓል ቀን የሚቆጥር የደመወዝ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የገና በዓል ሉቃስን በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስ የሚውለው ታኅሣሥ 28 እንጂ 29 አይደለም።

ይህን ሁሉ ለፈታሹ ማን ይነግረዋል? ከውጭ የሚመጡት የሙያው መጻሕፍት ስለ ፌብሩዋሪ 29 ይናገራሉ እንጂ ስለ ዘመነ ሉቃስ አያወሩም። የሚያውቀው ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የዘመን ቆጠራውን ትምህርት፣ የተማረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው አገር አይጠፋም። ፈታሽነትን ከሌሎች የኮምፒውተር ሙያዎች የሚለየውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ዕውቀቱ በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ነገር የተበላሸበት ሰው ሲናገርና ሌላው ሲሰማ ነው።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። አሜሪካዊው ግሌንፎርድ ማየርስ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ጥበብ መጽሐፍ ሲያሳትም የጀመረው በፈተና ነው። ሦስት ቁጥር ተቀብሎ የሦስት ማዕዘኑን ዓይነት የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እንዴት ትፈትሹታላችሁ? ብሎ አንባቢውን ጠየቀ። ከ14 ነጥብ ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች እንኳ በአማካይ ያገኙት 7.8 ብቻ መሆኑን ጻፈ። ለዚያች ትንሽ ፕሮግራም ግማሹን ያህል ከሳቱ፣ የባንክ ሥርዓት ሲሆን ምን ያህል እንደሚሳት መገመት አያዳግትም።

ሌላም ታሪክ አለ፦ ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አሪያን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ በተተኮሰች በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታተነች። ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ የፕሮግራም ክፍል አንድ ትልቅ ቁጥርን ለማይበቃው ጠባብ ቦታ ሊያሸጋግር ሲል ወድቆ ነው። ያ ክፍል በአዲሷ ሮኬት የበረራ መሥመር አልተፈተሸም ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የመርማሪዎቹ ሪፖርት ለሕዝብ ወጣ። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ ፈታሽ ይህን ታሪክ የሚያውቀው ሪፖርቱ ስላልተደበቀ ነው።

በዓመቱ፣ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ በካሊፎርኒያ ሎስ አልቶስ ጥቂት ፈታሾች እየተሰበሰቡ መነጋገር ጀመሩ። አንዱ በሥራው የገጠመውን ይተርካል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ ያጣሩታል፣ አንዳንዴም ይሞግቱታል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሕንድ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ በኢንተርኔት እየተገናኙ አንድ ፕሮግራም መርጠው አብረው መፈተሽ ያዙ፤ ሲጨርሱ ያዩትንና ያመለጣቸውን ይነጋገራሉ። ለዚህ የሚያስከፍላቸው የለም፣ የሚከፍላቸውም የለም። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሙያ ፈተናና ምስክር ወረቀት አለ፤ ለሥራ ቅጥር ይረዳል። ፈታሹ የሚሳለው ግን እንዲህ ባለው መማማር ነው።

ጎጃም ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የሚነሣው በቅኔ ነው። የቅኔ ተማሪ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ከጉባኤው ፊት ቀርቦ ይነግራል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ አልፎ እስከ መወድስ ይደርሳል። ጀማሪው መጀመሪያ ለአስነጋሪው ይነግራል፣ ቀጥሎም ለመምህሩ። ሙያው የተፋለሰ፣ ቤቱ የተሰበረ፣ ምሥጢሩ ያልሞላ እንደሆነ እዚያው ይታረማል። አንዱ የታረመባትን ግሥ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሰምተዋት ያድራሉ። ተማሪው መታረሙን እንደ ውርደት ቢቆጥረው ኖሮ ቅኔ ቤት አንድ ቀን አይውልም ነበር።

በሶፍትዌሩ ዓለም ግን ስህተትን ሸሽጎ የመያዝ ልማድ አለ፤ ክፉ ልማድ ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ ዝውውር እንደተካሄደ ተነግሯል። ብልሽቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጊዜ የተፈጠረ መሆኑም ተገልጿል። ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ አገር ምድሩ ተነጋገረበት። ለሙያው ሰው የሚጠቅመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ለውጥ ነው በሩን የከፈተው? የትኛው ፍተሻስ ቀድሞ ሊይዘው ይችል ነበር? የዚህ መልስ በሌሎች ባንኮች ላሉ ፈታሾች ሁሉ ዓመታት የሚያስተምር ትምህርት ነው።

የእኛን ቤት ጉድለት የእኛ ፈታሾች ካልተነጋገሩበት ከሌላ የሚመጣ ነጋሪ የለም። የፊደላችንን ነገር ውሰዱ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ለአንባቢ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ኀይሉ» አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰዎች። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ካርድ የለህም» የሚባል ሰው ካርዱ በሌላኛው «ሀ» ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የስሙም ነገር እንዲሁ ነው፤ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ግን የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ሰዓቱም አለ፦ እኛ የእሑድ ሌሊት 7 ሰዓት የምንለው ለማሽኑ ሰኞ 1 ሰዓት ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት የቆረጠ ሰው በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሊያልፈው ይችላል። እነዚህን ፍተሻዎች በአንድ ዝርዝር ጽፎ ለሁሉም ክፍት ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ጆዳ ታይም የተባለ ነፃ የኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል፤ በጋራ የሚጻፍ ኮድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህ ምስክር ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በስልክም በኮምፒውተርም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ሆነ። ኮድ የሚጽፍ ሲበዛ የሚፈትሽም አብሮ መብዛት አለበት። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ። በስልካችሁ ካሉት የአማርኛ ፕሮግራሞች አንዱን ምረጡና ለሁለት ሰዓት ሞግቱት። ከመካከላችሁ አንዱ ያገኘውን ይንገር፣ ሌሎቻችሁ ጠይቁት፣ አርሙት። ያገኛችሁትን በአማርኛ ጻፉት፦ ምን አደረግን፣ ምን ጠበቅን፣ ምን አየን። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መሪጌታ በሰፈራችሁ ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ወረዳ ላይ ስትመዘግብ የምትውለውን እህትም ማሽኑ በምን በምን እንደሚያስቸግራት ጠይቋት። የጻፋችሁትንም ለራሳችሁ አታስቀሩት፤ ለፕሮግራሙ ባለቤት ላኩለት፣ በየከተማው ላሉ ጓደኞቻችሁም አካፍሉ።