«ጭራቅ» ስለ ተባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ

በጃፓን አገር ማንጋ የሚባል፥ ነገሩ ከቃል ይልቅ በሥዕል የሚተረክበት የመጽሐፍ ዐይነት አለ። ይህ የልጆች መጫወቻ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ናኦኪ ኡራሳዋ የተባለው ሠዓሊ «ጭራቅ» ብሎ የሰየመውን ታሪክ ያነበበ እንደ ሆነ አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም። ታሪኩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 እስከ 2001 ዓመት ድረስ በመጽሔት እየተከፈለ ሲወጣ ቆይቶ በ18 ቅጽ ታትሟል።

የታሪኩ ስፍራ ጀርመን ነው። ኬንዞ ቴንማ የሚባል አንድ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በዱሰልዶርፍ ከተማ ሆስፒታል ይሠራል። እጁ የሠለጠነ፥ በአለቃው ዘንድ የተወደደ ነው፤ የአለቃውም ልጅ ታጭታለታለች። አንድ ሌሊት ግን አስቀድሞ የመጣውን የቱርክ ሠራተኛ ትቶ ስመ ጥር ዘፋኝ እንዲያክም ታዘዘ፤ እርሱም እንደ ታዘዘው አደረገ። ሠራተኛው ሞተ። ሚስቱም ባሌ ቀድሞ መጥቶ ነበር እያለች አለቀሰችበት። ትእዛዝ በመቀበልና በመስጠት የሚኖር ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ ጥቂት ቆም ማለቱ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ በ1986 ዓመት ወላጆቹ የተገደሉበት፥ እርሱም ራሱን በጥይት የተመታ ዮሐን የሚባል ሕፃን መጣ። የከተማውም ከንቲባ ታሞ ደረሰ። ቴንማ በዚህ ጊዜ ትእዛዙን እንቢ ብሎ ሕፃኑን አዳነ፤ ከንቲባው ሞተ፤ ሐኪሙም ሹመቱንና እጮኛውን አጣ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ሕፃን አድጎ በፊቱ ሰው ገደለ፤ ስላዳነውም አመሰገነው። ነፍስ ሁሉ እኩል ናት ብሎ ያዳነ ሰው፥ ያዳናትን ነፍስ በገዛ እጁ ሊያጠፋ ይገባዋልን? ቴንማ በፖሊስ እየታደነ አገር ላገር የሚዞረው ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ነው።

ችኩል አንባቢ በዚህ መጽሐፍ መበሳጨቱ አይቀርም። ዮሐን በብዙ ምዕራፍ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም፤ የሚታየው እርሱ ያለፈበት ቤትና የነካው ሰው ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የግሪመር ነገር ነው። ይህ ሰው በምሥራቅ በርሊን ደራሲው 511 ብሎ በቈጠረው የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አደገ፤ በዚያም ስሜቱን ሁሉ አጠፉበት። ከወጣ በኋላ ፈገግታን እንደ ፊደል ተማረ። የገዛ ልጁ በሞተ ጊዜ እንዴት እንደሚታዘን ስላላወቀ ሚስቱ ትታው ሄደች። ደም ካለበት ገጽ ሁሉ ይልቅ ይህ ያስፈራል፤ ጭራቅ የሚሠራው በቤት ውስጥ፥ ገና በሕፃንነት መሆኑን ያሳያልና።

መጽሐፉ በ1999 ዓመት በኦሳሙ ቴዙካ ስም የሚሰጠውን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጥ አይደለም፤ ግድያ ይበዛበታል። በጃፓን ልማድ ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ዐይን እስኪለምደው ድረስ ያስቸግራል፤ ከሁለተኛው ቅጽ በኋላ ግን ነገሩ ይረሳል። በአንድ ሌሊት አንድ ቅጽ ይበቃል። ፍጻሜውን ለማወቅ ቸኵሎ አሥራ ስምንተኛውን አስቀድሞ የሚገልጥ ሰው ሥዕሉን ያያል እንጂ ለምን እንደሚያስፈራ አያገኘውም።