ከግጭ የወረደው ገበሬ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ግጭ ዛሬ የጭላዳ ሜዳ ነው። መንጋው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ፣ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ይበላል፤ ሰው ሲጠጋውም ቶሎ አይደነብርም። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ግን በዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጭ 2,500 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ አብዛኛው ሙስሊም ገበሬ፣ ገብስ አራሽ፣ በግና ፈረስ አርቢ። በዚያ ዓመት መንደሩ እንዳለ ተነሥቶ ደባርቅ ከተማ ገባ።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው አንዱ መንገድ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። አገራችን ለዓለም የገባችው ቃል ከገበሬው ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ሰው በዚህ መንገድ ይሂድ።

ነገሩ ረጅም ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔም በውስጡ የሚያርስና የሚያግድ ሕዝብ ነበረበት። ኢትዮጵያ የዓለም ቅርስ ስምምነትን በ1969 ዓ.ም. አጸደቀች። በዓመቱ ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ሆኑ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ክብሩ ዕዳ ይዞ መጣ። በ1971 ዓ.ም. ደርግ ከሰሜናዊው ገደል ሥር የነበሩ መንደሮችን በኃይል አስነሣ። ዋልያ እየተመናመነ፣ እርሻው እየሰፋ፣ መንገድም በፓርኩ ውስጥ እየተቆረጠ ሲሄድ፣ በ1989 ዓ.ም. ቅርሱ በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መካከል ልቅ ግጦሽን መቀነስ፣ ዋናውን መንገድ ከፓርኩ ማውጣትና የግጭን ሰዎች በፈቃዳቸው ማስፈር ይገኙበታል። ፓርኩም ከ136 ወደ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሰፋ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ፖላንድ ክራኮው ላይ በተደረገው ጉባኤ ስሙ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ።

የተራራው ጉዳት የፈጠራ ወሬ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የፓርኩ ኃላፊ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ባለሙያ ሃንስ ሁርኒ በግጭ አቅራቢያ ባለው የጅንባር ሸለቆ የአፈሩን መታጠብ አጥንተዋል። ቁልቁለት ላይ የታረሰ ገብስ አፈሩን ይሸኛል፤ ይህን የደጋ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የግጭን መነሣት እየጠቀሱ፣ አውሮፓ ውስጥ ገበሬው በተራራው ላይ እንዲቆይ ሲደገፍ አፍሪካ ውስጥ ለምን ይነሣል ብለው ይሞግታሉ። እኔ ከሁለቱም እማራለሁ። ሁርኒን አምኜ መሬቱ ዕረፍት ይገባዋል እላለሁ፤ የብላን ጥያቄ ግን እስካሁን አጥጋቢ መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

መልሱ መፈለግ ያለበት ከራሳችን ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በበቂ ድጋፍ ሌላ ቦታ መስፈርንም ይጨምራል። ግጮች ገንዘብና የቤት መሥሪያ ቦታ አግኝተዋል። ተመጣጣኝ የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ማሳ በየዓመቱ ይታጨዳል፣ በግ ይወልዳል፤ በእጅ የተሰጠ ብር ግን አንዴ ከተበላ አይተካም። ሞፈርና ቀንበር ብቻ የለመደ አባወራ፣ ውሃ ሳይቀር በሚገዛበት ከተማ በምን ሙያ ይደር? ፓርኩ ዋልያውን በየጊዜው ያስቆጥራል። የግጭ ቤተሰቦች ኑሮም እንደዚሁ በየዓመቱ ይመዘን፤ ስንቱ ሥራ እንዳገኘ፣ ስንቱ ልጅ ትምህርት ቤት እንደዋለ በአደባባይ ይነገር። ለዩኔስኮ ሪፖርት የሚጻፍ ከሆነ ለእነሱም ይጻፍ።

ቃል የገባንለት ዓለምም ሲያስፈልግ ደርሶልናል። በ2011 ዓ.ም. በልግ ፓርኩ ሲነድ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ከእሳቱ ጋር ታገለ፤ ከእስራኤል የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። ኦስትሪያም ለዓመታት የፓርኩን የልማት ፕሮጀክት ደግፋለች።

ለተነሣው ሰው ግን ማሳውን ይተካል የተባለው ቱሪዝም ነበር። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ አከራዩ ሁሉ ከእንግዳው ኪስ ያድር ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ዘለቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፣ እንግዳውም ቀረ። ለሻንጣና ለድንኳን ተብላ የተገዛች በቅሎ አሁን ደባርቅ ገበያ እህል ትጭናለች።