ኬቪኤም ስዊች፦ ሰርቨሩ ሳይነሣ የሚያዩበት ሳጥን

አዳማ ውስጥ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ሰዓት አለ፤ መብራት ሄዶ የሚመጣበት። የዩፒኤሱ ባትሪ አልቆ፣ ጄነሬተሩም አልነሣ ብሎ ሰርቨሮቹ ከጠፉ በኋላ መብራቱ ሲመለስ አንዳንዶቹ በራሳቸው ይነሣሉ። አንዳንዶቹ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥተው ሰው ይጠብቃሉ። የኬቪኤም ስዊች ዋጋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ሞኒተርና አንድ ማውስ ለብዙ ሰርቨሮች የሚያጋራ ሳጥን ነው። 4፣ 8፣ 16 ወይም 32 ፖርት ያላቸው አሉ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ፣ ወይም በብዙዎቹ ላይ ስክሮል ሎክን ሁለቴ መትታችሁ የፖርቱን ቁጥር ስትጨምሩበት ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። ራክ ውስጥ ገብቶ እንደ መሳቢያ የሚሳብ፣ ስክሪኑም ኪቦርዱም አብሮ የተገጠመለት ዓይነትም አለ።

አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «ሪሞት ዴስክቶፕና ኤኒዴስክ እያሉ ይሄ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከስሕተት ይነሣል። ሪሞት ዴስክቶፕም፣ ኤኒዴስክም፣ ኤስኤስኤችም ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። እንዲያገለግሉ ዊንዶውሱ ወይም ሊኑክሱ መነሣት፣ ኔትወርኩም መያያዝ አለበት። ኬቪኤም ግን ከሰርቨሩ የስክሪን መውጫ ላይ ምስሉን በቀጥታ ይወስዳል፤ ለሰርቨሩም የኪቦርድና የማውስ ምልክት ብቻ ይልካል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ ባዮሱን ታያላችሁ፣ የተበላሸውን ዲስክ ትለያላችሁ፣ ዊንዶውስ ከባዶ ትጭናላችሁ።

ማስረጃ ካስፈለገ ማዘርቦርድ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ተመልከቱ። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ባለ 3 ቮልቷ ነች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥል፣ በብዙ ማሽን ላይም የባዮሱን ማስተካከያ የምትይዝ እሷ ነች። ዓመታት አገልግላ ስታልቅ ሰርቨሩ እስካልጠፋ ድረስ ማንም ልብ አይላትም። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ግን ሰርቨሩ ቀኑን ረስቶ «ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫኑ» በሚል ጽሑፍ ላይ ይቆማል። ኤኒዴስክ ይህን ስክሪን ሊያይ አይችልም፤ ገና አልተነሣማ።

ሻሸመኔ ያለ የአንድ ድርጅት ሰርቨር እንዲህ ቆሞ እኔ አዳማ ሆኜ ለጥበቃው ደወልኩ። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?» «ጥቁር ነው ልጄ፤ ከታች ነጭ ጽሑፍ አለበት።» ጽሑፉን ፊደል በፊደል ነገሩኝ፣ ያልኳቸውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ሰርቨሩ ተነሣ። እሳቸው ባይኖሩ አንድ ቁልፍ ለመጫን በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ መሄድ ግድ ነበር።

ይህን መንገድ የሚያስቀረው ኬቪኤም ኦቨር አይፒ የሚባለው ነው። ምስሉን በኔትወርክ ይልካል፤ ሌላ ከተማ ሆናችሁ የምትጫኑትን ቁልፍ ደግሞ ለሰርቨሩ ያደርሳል። ለሰርቨር ክፍሉም ይበጃል፤ የአዳማ ነፋስ ወደ ክፍሉ አቧራ ይዞ ይገባልና በሩ ብዙ ጊዜ ባይከፈት ጥሩ ነው። ግን ሳጥኑና የኔትወርክ ስዊቹ ራሳቸው ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ደግሞም ኬቪኤም ብቻውን የጠፋ ሰርቨር አያበራም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

አዳዲስ ሰርቨሮች የኬቪኤም ኦቨር አይፒን ሥራ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የዴሉ አይድራክ፣ የኤችፒኢው አይሎ ይባላል። የጨረታ ኮሚቴዎች የሚዘነጉት ነገር ግን አለ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ስክሪኑን ከርቀት እስከ መጨረሻው ለመቆጣጠር ለብቻው የሚከፈልበት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ተገዝቶ ፈቃዱ ሲቀር ያሳዝናል። ተራ ኮምፒውተርን ሰርቨር አድርጎ ለሚጠቀም ቢሮ ደግሞ በራስበሪ ፓይ የሚሠራው ፓይኬቪኤም አለ።

ከኬቪኤም ስዊች የምወደው ጠባይ ሌላ ነው። ድሮ ሰርቨር ሲነሣ ኪቦርድ ካላገኘ ስሕተት ብሎ ይቆም ነበር። ጥሩ ስዊች ለእያንዳንዱ ሰርቨር «ኪቦርድ አለህ፣ ማውስ አለህ» እያለ ሳያቋርጥ ይመልሳል፤ እናንተ ሌላኛው ላይ ስትሠሩም ቢሆን። ሞኒተር ስለ ራሱ የሚናገርባትን የ128 ባይት መረጃም ይዞ ያቀብላል። ርካሹ፣ በእጅ የሚዞረው ሳጥን ይህን አያደርግም፤ ምስል ጠፋ፣ ማውስ አልንቀሳቀስ አለ የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል።

ተጠቃሚዎችን የምወቅስበትም አለኝ። ፖርት 3 የደመወዙ ይሁን የኢሜይሉ ሳይጻፍበት፣ አንዱን ሪስታርት አደርጋለሁ ብሎ ሌላውን የሚያጠፋ አለ። አድሚን ሆኖ ገብቶ ሳይወጣ ክፍሉን ትቶ የሚሄድም አለ። ከሁሉ የከፋው ፋብሪካው በሰጠው የይለፍ ቃል ሳጥኑን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ነው። ሳጥኑን የያዘ ሰው የሰርቨሮቹን ሁሉ ኪቦርድ ይዟል። ቪፒኤን ውስጥ አስገቡት።

እባካችሁ ክረምቱ ሳይገባ የማዘርቦርዶቹን ባትሪዎች ቀይሩ፣ የይለፍ ቃሉን ለውጡ፣ በየፖርቱ ላይ የሰርቨሩን ስም ለጥፉ።