ጳጉሜን 6ን የሚረሳ ሶፍትዌር፦ የጋራ ስህተት በጋራ ሲታረም

በአጅማን አል ጁርፍ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ዓመቱ በአንድ አቆጣጠር ብቻ አይሄድም። ደመወዙና የመኖሪያ ፈቃዱ በጎርጎርዮሳዊው፣ ረመዳንና ሁለቱ ዒዶች በሂጅራ፣ የአገር ቤት ቤተሰቡ ቀጠሮ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆጠራሉ።

ስልኮችና ኮምፒውተሮች እነዚህን አቆጣጠሮች እንዲያውቁ ከሚያደርጉት ሶፍትዌሮች አንዱ “አይሲዩ” ይባላል። ኮዱ እ.ኤ.አ በ1999 በአይቢኤም ለሕዝብ ክፍት የተደረገ ሲሆን፣ ከ2016 ጀምሮ በዩኒኮድ ኮንሰርቲየም ሥር ይተዳደራል። አንድሮይድም ይጠቀምበታል።

የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወራት አሉት፤ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለች። ይህን የዘነጋ ፕሮግራም መስከረም 1ን በአንድ ቀን ያስቀድማል። ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም፣ የሕፃን ክትባት ወይም የነፍሰ ጡር ቀጠሮ በተሳሳተ ቀን እንዲመዘገብ ሊያደርግ ይችላል።

እንዲህ ያለ ስህተት ሲገኝ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ቅጂ ማረም ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ጥገናው ይጠፋል፣ ሌላውም ተጠቃሚ ከነስህተቱ ይቀራል። ሁለተኛው ጥገናውን ወደ ምንጩ መመለስ ነው። ስህተቱን ያየ ሰው የሶፍትዌሩን ስሪት፣ ያስገባውን ቀንና ያገኘውን ውጤት ያስመዘግባል። አስተባባሪዎች ተመሳሳይ ጥቆማዎችን አንድ ላይ ያደርጋሉ፤ አንዱ ጥገናውን ይጽፋል፣ ሌላው ይመረምረዋል። ስህተቱ ዳግም እንዳይመለስ የሚጠብቅ መፈተሻም ይጨመርበታል። ከዚያም ጥገናው አሁንም በሥራ ላይ ወዳሉት የቀደሙ ስሪቶች ይተላለፋል።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት “ዲኤችአይኤስ 2” በዚህ ሥርዓት ከሚሠሩት መካከል ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ ክፍት ሶፍትዌር በበርካታ አገሮች ያገለግላል፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠርም ይቀበላል። በመሆኑም አዲስ አበባ ላይ የተገኘ ስህተት በምንጩ ከታረመ፣ ያንኑ ኮድ የሚጠቀሙ ሌሎች አገሮችም ይጠቀማሉ።

ሆኖም ክፍት መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ኮዱን የሚያውቅ ሰው አቆጣጠሩን ላያውቅ ይችላል። የጳጉሜንን ስህተት በቀላሉ የሚለየው ቀኑን የሚኖርበት ሰው ነው፤ እርሱ ካልጠቆመ ስህተቱ ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ለመጠቆም ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ ግድ አይደለም፤ የታየውንና መሆን የነበረበትን ቀን በግልጽ ማስፈር ይበቃል።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም ይውላል፤ ይህም እ.ኤ.አ መስከረም 11 ቀን 2027 ነው። ፕሮግራሞችን ለመፈተሽ ግን ያን ቀን መጠበቅ አያሻም፤ ዛሬውኑ ቀኑን አስገብቶ ውጤቱን ማየት ይቻላል።