ዕጢው ሲከስም ጥንቃቄው ይጨምራል

ልጅ ለነቀርሳ በሽታ የሚሰጠውን መድኃኒት በጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ዕጢው ሲጎድል ያየ ወላጅ እፎይ ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ለልጁ ሕይወት እጅግ አስጊ የሆኑት ሰዓቶች በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ሊሆኑ እንደሚችሉ ብዙ እናቶች አልተነገራቸውም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የሰውነታችን ሕዋሳት ፖታሲየምና ፎስፌት የተባሉትን ማዕድናት በውስጣቸው ይዘው ይኖራሉ። ኬሞቴራፒ የዕጢውን ሕዋሳት በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገድል ይህ ሁሉ ወደ ደም ይፈስሳል። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ የልብን ትርታ ያዛባል፤ ልብን እስከ ማቆምም ይደርሳል። ፎስፌት ሲበዛ ካልሲየም ይቀንሳል፤ በዚህም የጡንቻ መኮማተርና ማንቀጥቀጥ ይከተላል። ከሕዋሳቱ መፈራረስ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። አደጋው በአብዛኛው የሚደርሰው ሕክምናው ከተጀመረ ከ12 እስከ 72 ባሉት ሰዓቶች ነው።

ይህ በተለይ የሚያሰጋው ፈጥነው በሚያድጉ ነቀርሳዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ የአየርላንድ ተወላጁ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1958 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ አይቶ የገለጸው የበርኪት ሊምፎማ ነው። አንዳንድ የደም ነቀርሳ ዓይነቶችም እንዲሁ ናቸው።

ሐኪሞች ለዚህ አስቀድመው ይዘጋጃሉ። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ይሰጣሉ፤ ዩሪክ አሲድ እንዳይጨምር አሎፑሪኖል የተባለ መድኃኒት ያዛሉ፤ ደሙንም በየጥቂት ሰዓቱ ይመረምራሉ። «ልጄን በመርፌ ጨረሱት» ብላ የምታዝን እናት፣ አደጋው በዓይን ሳይታይ የሚያዘው በዚያ ጠብታ ደም መሆኑን ትወቅ።

የማዕድናት መዛባት በሌላም መንገድ ይመጣል። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ማግኒዚየም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ቪንክሪስቲን ደግሞ አልፎ አልፎ ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀምና ሶዲየም እንዲቀንስ በማድረግ ልጁን ያፈዝዛል፣ ያንቀጠቅጣል። ትውከትና ተቅማጥም ፖታሲየምን ያሳጣሉ። አንዱ ሲበዛ ሌላው ሲያንስ የሚያስከትል በመሆኑ ለሁሉም የሚሆን የቤት መድኃኒት የለም።

እንግዲህ የአስታማሚው ድርሻ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የልጁን ሽንት ሳይደፉ ማስለካትና ሰዓቱን መጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ ሙዝ፣ የብርቱካን ጭማቂም ሆነ ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከመስጠት በፊት ነርሷን መጠየቅ ነው፤ ሁሉም ፖታሲየም አለባቸውና። የባህል መድኃኒትም ሳይነገር አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሽንት ሲያንስ፣ ጣትና ከንፈር ሲደነዝዝ፣ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ልብ ሲመታ አለወጉ ሲሆን ወይም ልጁ ሲፈዝ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም መጥራት ነው።

ሥራ ያላት እናት ቀኑን ሙሉ አልጋው አጠገብ መቀመጥ አትችል ይሆናል። አባት፣ አክስት ወይም አያት ሲተኳት ግን ያየችውን ሁሉ የጻፈችበትን ወረቀት አብራ ታስረክብ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ልጁ ጠባቂ የሌለው አንድ ሰዓት እንኳ ሊኖረው አይገባም።