ከሰሙ በታች ያለው ቀለም

ከማዘጋጃ ቤት ፊት ተነሥቶ በቴዎድሮስ አደባባይና በፖስታ ቤት በኩል እስከ ለገሀር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳናን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ አይገኝም። በዚህ ቁልቁለት ላይ መኪና በጠዋት ፀሐይ ሲያብረቀርቅ ማየት ዓይንን ይስባል። ይሁን እንጂ የሚያብረቀርቅ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን የተማርነው ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ኪሳራ ነው።

ይህ ወንድማችን እንደኛው መምህር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰው ከቁጠባው ጋር ደምሮ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት አሮጌ አውቶሞቢል ፈለገ። ደላላው መኪናዋን ቸርችል ላይ አቁሞ አሳየው። ኮፈኗ እንደ መስታወት ፊትን ያሳያል። ወንድማችን በውበቷ ተማርኮ ሳይመረምር ገዛ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲደጋገም ግን የፓራፋንጎው ቀለም እንደ ቁስል አበጠ፤ ሲነካ ተቀርፎ ወደቀ። ከሥሩ የተገኘው ስቱኮና ዝገት ነበር። ለካስ ያ ሁሉ ድምቀት ለሽያጭ ቀን የተቀባ ሰም ኖሯል! ለላሜራና ለቀለም ሥራ የወጣው ገንዘብ ቤተሰቡን ወራት አስጨነቀ።

እንግዲህ ጥፋቱ የሰሙ ነውን? ይህን ጥያቄ ይዘን የሄድነው ዕድሜያቸውን በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ወደፈጁት የሰፈራችን አባት ዘንድ ነው። እኛ ሐጂ እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ከቸርችል ገባ ብሎ በነበረው ግቢያቸው አገኘናቸው። ጥያቄያችንን ሰምተው ፈገግ አሉና፣ «ኡስታዝ፣ ሰም ልብስ ነው። ልብስ ጤነኛን ሰው ከብርድ ይጠብቃል፤ በሽተኛን ግን አያድንም» አሉን።

ሰሙ ከወዴት ይመጣል?

ለመኪና ከሚሆኑት የተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው ካርናውባ ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ነው። ዛፉ የበጋውን ድርቀት ለመቋቋም ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል። ገበሬዎቹ ቅጠሉን ቆርጠው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከዚያም ሲመታ ሰሙ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ቀልጦና ተጣርቶም ለገበያ ይቀርባል።

አገራችን በንብ ሰም የታወቀች ናት። ከብርዝ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ካርናውባ ግን ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ይፈልጋል። በፀሐይ የጋለ ኮፈን ላይ ብቻውን የተቀባ የንብ ሰም ይለሰልሳል፣ አቧራም ይይዛል፤ ካርናውባ ግን ይጸናል። ነገር ግን ንጹሕ ካርናውባ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ በእጅ ሊቀባ አይችልም። ስለዚህ በጣሳ የሚሸጠው ሰም ከዘይት፣ ከማሟሚያና ከሌሎች ሰሞች ጋር የተቀላቀለ ነው። በጣሳው ላይ «መቶ በመቶ ካርናውባ» የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ ይህን ልብ ይበል። ይኸው ሰም በብዙ የጫማ ቀለሞች ውስጥ አለ፤ በልጆች ከረሜላ ላይም ማንጸባረቂያ ሆኖ ይቀባል። በማሸጊያው ላይ ኢ 903 ተብሎ የሚጻፈው እርሱ ነው፤ ምንጩም ዕፅዋት እንደሆነ እናቶች ይወቁት።

አቀባቡስ እንዴት ነው?

ሐጂ በዚያ ጠዋት ላዳቸውን እያሳዩ አስተማሩን። የመጀመሪያው ነገር ጥላ ነው። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፤ ብረቱም በእጅ ጀርባ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። በጋለ ብረት ላይ የተቀባ ሰም ፈጥኖ ይደርቅና ለመወልወል ያስቸግራል።

ሁለተኛው እጥበት ነው። ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች ይታጠባል። አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ ይሁን፤ አለበለዚያ አሸዋው ተመልሶ ቀለሙን ይጭረዋል። ብዙ ወጣቶች ኦሞ ይጠቀማሉ፤ ይህ የቀድሞውን ሰም ጠርጎ ያወጣል። በናፍጣ መወልወልም ለአንድ ቀን ያብለጨልጭ ይሆናል እንጂ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማውንም ይጎዳል።

ሦስተኛው ምርመራ ነው። መኪናው ከደረቀ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ከተው ቀለሙን ቀስ ብለው ይዳስሱት። ባዶ እጅ ያልተሰማው ሸካራነት በፌስታል ይሰማል። ሸካራ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጭቃ መሰል ማጽጃ፣ ቀለሙን በደንብ እያራሱ ማለስለስ ያስፈልጋል። በቆሻሻ ላይ ሰም መቀባት ቆሻሻውን ማሸግ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሰሙ እንሄዳለን። ጥቂት የረጠበ ስፖንጅ በጠንካራው ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ፣ በአንድ ጊዜ የኮፈኑን ግማሽ ያህል ብቻ በስሱ መቀባት ነው። «ሰም ሲበዛ ድካም ነው እንጂ ውበት አይደለም» ይላሉ ሐጂ። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ጉም ይመስላል። ያን ጊዜ በጣት ይሞከራል፤ ጣት የነካው ቦታ ከተዝረከረከ ይቆይ፣ ጠርቶ ከታየ ግን ደርሷል። ከዚያ በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ፣ ጨርቁን እያገላበጡ ይወለወላል። ጥቁር ፕላስቲክና ጎማ ላይ ግን አይቀባ፤ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ይህ ሁሉ ለምን? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለምን የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ከ10 በመቶ ያላነሰ ይጨምራል። የበጋው አቧራ፣ የክረምቱ ዝናብና የወፍ ኩስ ሲታከሉበት ቀለም ብቻውን አይችለውም። ሰሙ በመካከል ገብቶ ጉዳቱን ይቀንሳል። ዕድሜው ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ሦስት ወር ነው። ውኃ በቀለሙ ላይ እንደ ዶቃ መሰብሰቡን ትቶ መተኛት ሲጀምር ሰሙ አልቋል ማለት ነው።

የሐጂ ላዳ

ሐጂ ጉልበታቸው ሲደክም ላዳዋን ለመሸጥ ቆረጡ። እኛም ሳናስበው፣ «ገዢው ሳይመጣ ሰም ይቀቧታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «የለም፣ መጀመሪያ እንዳለች ይያት» አሉ። ላዳዋን አጥበው ብቻ አቆሟት። ገዢው ሲመጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ሰጡት። በግራ በኩል ባለው በር ላይ ማግኔቱ አልያዘም። ከወፍራም ስቱኮ ሥር ያለውን ብረት ማግኔት አያገኘውምና። ሐጂም በሩ የት እንደተጋጨና ማን እንደጠገነው ነገሩት። ገዢው ዋጋ ቀነሰ። ልጃቸው «አባባ፣ ምን ነበር ዝም ቢሉ?» ብሎ ሲቆጣ በጆሯችን ሰምተናል። እርሳቸው ግን ሽያጩ ካለቀ በኋላ፣ ገንዘቡንም ከተቀበሉ በኋላ፣ የሰሙን ጣሳ አውጥተው ላዳዋን ቀቧት። ወልውለውም ለገዢው አስረከቡ።

ዛሬ ፒያሳ ተለውጣለች። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ተመርቋል፤ የብዙ ሰው ግቢም፣ የሐጂም ጭምር፣ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለታገደ፣ በእጅ ያለን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ ለቤተሰብ ትልቅ ቁም ነገር ሆኗል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ መኪና ያላችሁ ቀለሙን በሰም ጠብቁት። የምትገዙም መኪናውን ደረቅ ሆኖ በቀን ብርሃን እዩት፣ ከጎን ዝቅ ብላችሁ መስመሩን ተመልከቱ፣ ማግኔትም ያዙ። የምትሸጡ ደግሞ ሐጂ በበሩ የቀነሱትን ገንዘብ አስታውሱ። ያ ገንዘብ ከኪሳቸው ወጣ እንጂ ከሌላ ቤተሰብ ጉሮሮ አልተወሰደም።